ድንጋዩን ከቦታው አታንሡት፦ ለሐዋሳ ቆፋሪዎችና አስቆፋሪዎች

ለ፦ የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጡ የከተማችን ባለሙያዎች፣ ለአማካሪ መሐንዲሶች፣ ለኮንትራክተሮች፣ ለፎርማኖች፣ ለሎደርና ለኤክስካቫተር ኦፕሬተሮች፣ ለቀን ሠራተኞች

ጉዳዩ፦ በቁፋሮ ላይ የሚወጡ ጥንታዊ ዕቃዎችን ይመለከታል

የተከበራችሁ የከተማችን ሰዎች፣

ዕድሜዬን በሰርቬየርነት ያሳለፍኩ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ሌቭልና ቶታል ስቴሽን የሚባሉትን የመሬት መለኪያ መሣሪያዎች ይዤ፣ መሬት ሲከፈት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ኖሬአለሁ። ገረጋንቲ ሲጫን ከአፈሩ ጋር ገል፣ ተፈልጦ ጠርዙ የተሳለ ጥቁር ባልጩት፣ አልፎ አልፎም የሰው እጅ የጠረበው የሚመስል ረዥም ድንጋይ አብሮ ሲነሣ ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ኦፕሬተሩ ያያል፣ ፎርማኑ ያያል፣ አካፋ የያዘው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ያያል። «ወርቅ ከሆነ ጥሩኝ» ይባላል፣ ይሳቃል፣ ሲኖትራኩ ይሄዳል።

ቀልዱን አልጠላውም፤ በሳይት ላይ ያለ ቀልድ አይዋልም። ውስጡ ያለው ግምት ግን የተሳሳተ ነው። ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች አጀማመር ከምናውቀው አብዛኛውን የነገረን ወርቅ አይደለም። ተራ ገል፣ የሚዛን ድንጋይ፣ ጭቃ ላይ የተጻፈ ደረሰኝ ነው። ወርቅ አንድ ንጉሥ ሀብታም እንደነበረ ይናገራል። ንጉሥ የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ፣ ማን አርሶ ያበላው እንደነበረ ግን ከወርቁ አይገኝም።

ከኢራቅ ልጀምር። በደቡቡ ክፍል ኡሩክ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት ያደገች፣ በዓለም ከታወቁት የመጀመሪያ ታላላቅ ከተሞች አንዷ። ከፍርስራሿ በገፍ የሚወጣው ዕቃ ጠርዙ በሰያፍ የተቆረጠ፣ ሸካራ፣ ጌጥ የሌለው የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሸክላ ሠሪ የሚኮራበት ዕቃ አይደለም፤ በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ በችኮላ የተሠራ ነው። ሙዚየም ውስጥ ብታዩት ታልፉታላችሁ። ነገር ግን በየቦታው በክምር በክምር መገኘቱና የመጠኑ መቀራረብ ተመራማሪዎችን አስጠረጠራቸው። ብዙዎቹ የደረሱበት መልስ ለሠራተኛ የዕለት ቀለብ መስጫ ነበር የሚል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 3100 ባለው ጊዜ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የጭቃ ሰሌዳዎችም ቀለብን ሲያመለክቱ የሰው ራስና ጎድጓዳ ሳህን አጠጋግተው ይሥላሉ። አብዛኞቹ ሰሌዳዎች ስንኝም ጸሎትም የለባቸውም። ይህን ያህል ገብስ ገባ፣ ይህን ያህል ጠላ ወጣ፣ ይህን ያህል በግ ለእገሌ ተሰጠ፤ አለቀ። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ሲሞላ የኖረ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ከሆነ፣ የሙያ አባቶቹ እነዚህ ናቸው። በሜሶፖታሚያ ጽሑፍ የተወለደው መጋዘን በር ላይ ነው።

ግብፅም ከዚህ ብዙ አትርቅም። አቢዶስ በሚባል ቦታ ከአንድ የጥንት ገዥ መቃብር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች ከቴምብር ብዙም የማይበልጡ የአጥንትና የዝሆን ጥርስ ቁራጮች አወጡ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አለው፤ ዕቃ ላይ ይታሰር ነበር። የተቀረጸባቸው ምልክት የዕቃውን ብዛት ወይም የመጣበትን ቦታ እንደሚያመለክት ይታመናል። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3200 ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያውን ፒራሚድ ከ500 ዓመት በላይ ይቀድሙታል። ቱሪስት ሁሉ ፒራሚዱን ያያል፤ ፒራሚዱን ያስቻለው ግን በክር የታሰረው ቁራጭ ነው።

የኢንደስ ሸለቆ ሰዎች ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። በዛሬዎቹ ፓኪስታንና ሕንድ፣ ሞሄንጆ ዳሮና ሃራፓ የሚባሉትን ጥንታዊ ከተሞች የሠሩት ናቸው። ጽሑፋቸው እስካሁን አልተነበበም። ይህ ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም ሕንፃም የላቸውም። ያላቸው ከጠንካራ ድንጋይ በጥንቃቄ የተቆረጠ፣ ስድስት ጎን ያለው ትንሽ የሚዛን ድንጋይ ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር በተራራቁ ከተሞች ሚዛኑ ያው ነው፤ ትንንሾቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ እጥፍ በእጥፍ ይሄዳሉ። በሃራፓ ከከተማይቱ በር አጠገብ መገኘታቸው ደግሞ በር ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር የሚል ሐሳብ አስነሣ። አንዲት መስመር ሳይነበብ፣ አንድ ንጉሥ በስም ሳይታወቅ፣ ሕግና ስምምነት የነበረው ኅብረተሰብ መሆኑን ድንጋዩ ተናገረ። በሩ አጠገብ ባይገኝ ኖሮ ይህን አይነግረንም ነበር።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው እህል ነው። ስንዴና ገብስ በአንድ ወቅት ይደርሳል፤ ግብር ሰብሳቢው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ይደርቃል፣ ይሰፈራል፣ ይከማቻል፣ በአህያና በጀልባ ይጫናል። የሚሰፈር ነገር ሰፋሪ ይፈልጋል፤ ሰፋሪው መዝገብ፣ መዝገቡ ጸሐፊ፣ ጸሐፊው ደመወዝ። የመጀመሪያዎቹ መንግሥታት እህል አገር ላይ መብቀላቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔንም አሳምነውኛል። ሰሜናችንም በዚህ መንገድ ይነበባል። አክሱም በእህል የቆመ አገር ነበር። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ ሳንቲም አስቀረጸ። በ4ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ሳንቲም ላይ የጨረቃው ምልክት ወርዶ መስቀል ወጣበት። አገሪቱ ሃይማኖቷን መለወጧን ለማወቅ ሳንቲሙን አገላብጦ ማየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከሐዋሳ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ የሚያገናኘው እንሰት ነው።

እንሰት በአንድ ወቅት አይደርስም። ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፤ ቤተሰቡ ሲፈልግ ይነቀላል፣ ካልፈለገ ይቆያል። ጓሮ እንጂ አውድማ አያውቅም። ሰብሳቢ መጥቶ «ስንት ኩንታል ነው?» ቢል የሚመልስለት የለም። መፋቂያው ቀርከሃ፣ መደገፊያው እንጨት፣ መጠቅለያው ቅጠል፣ ማብላያው የመሬት ጉድጓድ ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ ከዚህ ውስጥ ለዓይን ምን ይተርፋል? እህል በሊታ ሕዝብ ምድጃው ዳር ያረረ ፍሬ ትቶ ይሄዳል፤ አርኪዮሎጂስቱ የዚያን ፍሬ ዕድሜ በካርቦን ይለካዋል። እንሰት ግን የሚተከለው ከግንዱ ሥር በሚበቅል ችግኝ ነው፤ የሚበላውም ፍሬው አይደለም። ቡርሳሜ (በቅቤ የተሠራ የቆጮ ምግብ) የምንበላበት ሻፌታ ሸክላ ስለሆነ ስባሪው ይቆያል፤ ሌላው ሁሉ ይበሰብሳል።

ስለዚህ በዚህ በኩል ያለ የጥንት ኅብረተሰብ የእህል መጋዘን፣ ሳንቲም፣ የጭቃ ደረሰኝ አያወርሰንም። ተማሪዎቻችን ሥልጣኔ ሲባል ጽሑፍ፣ ቤተ መንግሥትና ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላቸው እሰጋለሁ፤ በዚያ መስፈሪያ ከተለካ እንሰት አብቃዩ ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ጉድለቱ የመስፈሪያው ነው። የእኛ ምስክር ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚገኘውም እናንተ በምትቆፍሩት አፈር ውስጥ ነው።

ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ዲላ አለች። ከዚያ እስከ ይርጋ ጨፌና ከዚያም አልፎ፣ በጌዴኦ ምድር፣ ከ50 በላይ በሆኑ ቦታዎች 10 ሺህና ከዚያ በላይ የሚገመቱ ትክል ድንጋዮች አሉ። እስከ 6 ሜትር የሚደርሱ አሉባቸው። ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቱቲና ሳካሮ ሶዶ ስማቸው የታወቀው ናቸው። ጌዴኦ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በሶዶ ጉራጌ ያለው ሌላው የትክል ድንጋይ ቦታ፣ ጢያ፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል። ትክል ድንጋዮቹ ለብዙ ጊዜ የሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ ወደ 1ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ እንደሚሄድ አሳየ። ይህ ማለት እንዱቢስ የመጀመሪያዋን ሳንቲም ከማስቀረጹ በፊት እዚህ ደቡብ ውስጥ ሰው ተባብሮ ከባድ ድንጋይ ይጠርብ፣ ያጓጉዝ፣ ያቆም ነበር ማለት ነው። ድንጋይ ያጓጓዛችሁ ታውቁታላችሁ፦ የሚመራ ሰው ይፈልጋል፣ ገመድ ይፈልጋል፣ ለጎታቾቹም ምግብ ይፈልጋል። ያ ምግብ ምን ነበር? እንሰት ከነበረ፣ ስለ ሥልጣኔ አጀማመር በዓለም የሚነገረውን ታሪክ የሚያሰፋ መልስ ነው። መልሱም ያለው ድንጋዩ ሥር ባለው አፈር ውስጥ ነው፤ የእንሰትና የሙዝ ቤተሰብ ተክሎች ሲበሰብሱ በዓይን የማይታይ የሲሊካ ቅንጣት አፈር ውስጥ ትተው ይሄዳሉና፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የሚያፈሰው ባልጩት የራሱ የኬሚካል ቅልቅል አለው፤ ስለዚህ አንድ ስባሪ የየትኛው ተራራ ልጅ እንደሆነ በመሣሪያ ይታወቃል። በጌዴኦ ትክል ድንጋዮች አካባቢ ከተገኘው ባልጩት አብዛኛው የመጣው ከሰሜን ኬንያ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከእኛ ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ኮርቤቲ ውስጥ፣ ጫቢ የሚባለው ተራራ ባልጩት ያፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከጌዴኦ ለመድረስ ግማሹን እንኳ መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ታዲያ ለምን ኬንያ ድረስ? የቅርቡን ትቶ የሩቁን የሚያመጣ ሰው ሌላ ምክንያት አለው፤ ከብት ነው፣ ጋብቻ ነው፣ ጨው ነው፣ የቆየ ዝምድና ነው። እኔ በዝምድናው በኩል አደላለሁ፤ ግምት ነው፣ በግምትነቱ ያዙልኝ። የጥያቄው መነሻ ግን ሰው ረግጦት የሚያልፈው የጥፍር ያህል ጥቁር ስባሪ ነው። ባልጩት ማለት ደግሞ የሞተ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኮንሶ ውስጥ ከድንጋይ መፋቂያ ሠርተው ቆዳ የሚያለፉ እናቶች በእኛ ዘመንም ነበሩ፤ ተመራማሪዎች የጥንቱን ለመረዳት ሄደው የተማሩት ከእነሱ ነው።

«ያለ እህልና ያለ ንጉሥ ያን ያህል ድንጋይ ማን ያቆማል?» ለሚል፣ ጎቤክሊ ቴፔ አለለት። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ9500 ገደማ ጀምሮ የቆሙ፣ እንስሳ የተቀረጸባቸው ግዙፍ ዓምዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሲቆፈር በአፈሩ ውስጥ የተገኘው የሚዳቋና የዱር ከብት አጥንት ነው፤ የለማዳ እንስሳ አይደለም። ሐውልት ያቆሙት አዳኞች ነበሩ። ይህን የነገረው ማንም ፎቶ የማያነሣው የአጥንት ክምር ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ቦታውን የሚያሳይ ኤክስና ዋይ፣ ከፍታውን የሚያሳይ ሌቭል የሌለው ነጥብ ነጥብ አይደለም፤ ካርታ ላይ አይገባም። ገልም እንዲሁ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ስባሪ ውሰዱ። አንዱ ከመሬት በታች 1.40 ሜትር ላይ፣ ካልተነካ የእሳተ ገሞራ አመድ ሥር፣ ከከሰል አጠገብ ተኝቶ ተገኘ። ሌላው ገረጋንቲ ክምር ላይ ተለቀመ። የመጀመሪያው ዕድሜውን፣ ጎረቤቱን፣ ምናልባትም የተበሰለበትን ምግብ ይናገራል። ሁለተኛው ገል ነው።

የስምጥ ሸለቆ ልጆች እድለኞች ነን፤ የአመዱ ዕድሜ ራሱ ይለካል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋዴሞታ በሚባለው ቦታ የተገኙ የባልጩት ጦር ጫፎች ከ276 ሺህ ዓመት በላይ እንደሆናቸው የታወቀው ከበላያቸው የተኛው አመድ በላብራቶሪ ተለክቶ ነው። የእኛ ከተማ የቆመችውም በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ነው። ከተማዋ ወጣት ናት፤ ምድሩ ግን ያረጀ ነው። ሐይቁም ሲሞላና ሲጎድል ኖሯል፤ ጨለለቃ ትናንት ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው። ሰው ሁልጊዜ ውኃ ዳር ይሰፍራል፤ የጥንቱ ውኃ ዳር ዛሬ የማን ሕንፃ መሠረት ሥር እንደሆነ የሚያውቀው ቆፋሪው ነው። አመዱና ገሉ በሎደር አንዴ ከተገላበጡ ማንም ፕሮፌሰር መልሶ አይደረድራቸውም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 የባግዳድ ሙዚየም ሲዘረፍ 15 ሺህ ያህል ዕቃ ጠፋ፤ ዓለምም ጮኸ። ሜዳ ላይ የሆነው ግን ከዚያ የከፋ ነበር። በደቡብ ኢራቅ የጥንት ከተሞች ላይ ዘራፊዎች በሺህ የሚቆጠር ጉድጓድ ቆፈሩ። ከሙዚየሙ ከተሰረቀው ብዙው ተመዝግቦ ነበርና በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ተገኝቶ ተመለሰ። ከጉድጓዱ የወጣው ሰሌዳ ግን ቢነበብም ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኞቹ ሰሌዳዎች ጋር እንደነበረ አይታወቅም። እኛ ዘራፊ የለብንም። እኛ ያለን የጊዜ ሰሌዳ የያዘ ኤክስካቫተር ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ፍለጋ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ዕቃውን ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። ለአሳዋቂው ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጥም ይላል። ታዲያ ለምን አይነገርም? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። «ሥራ ይቆምብኛል»፤ «መሬቱ ይወሰድብኛል»፤ «ኪራይ የሚቆጥር ማሽን ቆሞ ማን ይከፍላል?» እነዚህ የክፉ ሰው ምክንያቶች አይደሉም። ኮንትራክተሩን በአገር ፍቅር ስብከት ብቻ ማሽን እንዲያቆም መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሌላም በዝምታ የሚታለፍ ፍርሃት አለ። አንድ ድንጋይ ከተገኘ «የእኛ አባቶች ናቸው፤ የለም የእኛ» የሚል ክርክር ይመጣል ብሎ የሚሰጋ ሰው አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከኬንያ ባልጩት ያስመጣ ሕዝብ የዛሬውን የክልል ወሰን አያውቅም ነበር፤ ድንጋዩን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ልናደርገው ብንሞክር እምቢ ይለናል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ በተለይ ለገረጋንቲ ማውጫና ለድንጋይ ካባ፣ አንድ የሚያውቅ ባለሙያ መሬቱ ሳይነካ አንድ ጊዜ በእግሩ ይዙርበት። ካባው ከሕንፃው መሠረት ይልቅ ያሳስበኛል፤ መሠረቱ ጠባብ ነው፣ ካባው ኮረብታ ሙሉ ይበላል። የከተማችን ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ለዚህ ቢያሰማራ ለእነሱም ልምምድ ነው። በቢኦኪው (በሥራና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ ለአፈርና ለውኃ ችግር መጠባበቂያ እንደሚያዝ፣ ለቅርስ ግኝትም መጠባበቂያ ገንዘብ ይያዝ፤ ያኔ ማሽኑ ሲቆም ኮንትራክተሩ ከኪሱ አይከፍልም። አሳውቁ የተባለው ክፍል ደግሞ ሲደወልለት በማግሥቱ ይምጣ። ሳምንት የሚያስጠብቅ ከሆነ ሁለተኛ የሚደውልለት አይኖርም፤ አልፈርድበትምም።

ለፎርማኑና ለኦፕሬተሩ፦ ገል በብዛት፣ ከሰል፣ ከዙሪያው አፈር በቀለም የሚለይ ክብ ጉድጓድ፣ የተደረደረ ድንጋይ ወይም አጥንት ካያችሁ ባልዲውን ወደ ሌላ ጥግ አዙሩት። የሞላ ጉድጓድ ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል፤ የቆጮ ጉድጓድም የእህል ጉድጓድም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አትናቁት። ስልክ አውጡና ፎቶ አንሡ፤ ለመጠን እስክሪብቶ ወይም ሜትር አጠገቡ አድርጉ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን የጉድጓዱ ግድግዳ በሚታይበት ከራቅ አድርጋችሁ። የስልኩን ሎኬሽን ክፈቱ። ሰርቬየሩ ሳይት ላይ ካለ ሌቭሉን ያንብብላችሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አትጠቡት፣ ስባሪውን በማጣበቂያ አትለጥፉት፣ ቤት አትውሰዱት። ሥጦታ ነው ብላችሁም ለአለቃ አታምጡት፤ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ያለ ድንጋይ የወረቀት መደገፊያ ብቻ ነው።

ለቀን ሠራተኛው የምለው የለኝም፤ ስለ እሱ የምለው ግን አለ። መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፤ ሥራ ሲቆምም መጀመሪያ «ነገ አትምጣ» የሚባለው እሱ ነው። በግኝት ምክንያት የቆመ ቀን የሚከፈል ቀን ይሁን። ይህ በውል ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በየሳይቱ በር ላይ የባለቤቱን፣ የአማካሪውንና የተቋራጩን ስም የያዘ ታፔላ ይቆማል። ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ጥንታዊ ዕቃ ካያችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉ»። በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ። ቁጥሩንም የሚያነሣ ሰው ይመደብ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ ሰርቬየር፣ ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለባህልና ቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች
በከተማዋ ለሚገኙ የታሪክና የሲቪል ምህንድስና መምህራን